ቦርዱ እስኪያይሽ አታንቀሳቅሺው

ልጆቼን ያሳደግኩት ውሸትን እንዲጠሉ አድርጌ ነው። ስኳር ሰርቀው ቢልሱ እምራቸው ነበር፤ «አልበላሁም» ካሉ ግን ምሕረት የለም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ሴት ልጄን ያዘዝኳትን መጻፍ ይከብደኛል። ቢሆንም እጽፈዋለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና።

ልጄ ሆሳዕና ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። አቅራቢያው ላለችው ለጃጁራ ከተማ ተማሪዎች የሰፋችውን ዩኒፎርም አስረክባ ስትመለስ የተሳፈረችበት ሚኒባስ መንገድ ስቶ ተገለበጠ። ሰው አልሞተም። የእሷ ቀኝ እጅ ግን ከአንጓው ተሰበረ፤ ጄሶው ሲፈታም ጣቶቿ አልታጠፍ አሉ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ «ለስላሳ ነገር ጭመቂ፤ ቢያምሽም በቀን ሦስት ጊዜ» አለቻት። ባለቤቴ ኳስ ፍለጋ አልወጣችም። ያልተጋገረ የቆጮ ሊጥ በሳህን አቅርባ «ይኸው፣ ኳስም እራትም» አለቻት። ልጄም እያለቀሰች፣ መልሳ እየሳቀች ታሸው ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት አመልካች ጣቷ መዳፏን ነካ።

እኔ ደግሞ ሕግ ማንበብ ያዝኩ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ አናጢነቱንም ንባቡንም ራሴን አስተማርኩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ገዝቼ እርሳስ በእጄ ይዤ አነበብኩት። የገባኝ ይህ ነው፤ ጉዳት አድራሹ ለሕክምና የወጣውን ይከፍላል፤ ተጎጂው ሳይሠራ በመዋሉ የቀረበትንም ይተካል። ለሕመሙና ለሐዘኑ የሚሰጠው ትንሽ ነው። ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነ ግን ወደፊት የሚቀርበትም ይታሰባል፤ ትልቁም ካሳ ያ ነው። እሱን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ስለ ጉዳቱ መጠን የሚጽፈው የመቶኛ ቁጥር ነው። የቦርዱ ቀጠሯችን ገና ሦስት ሳምንት ይቀረው ነበር።

ጎረቤቴ እግሩ ተሰብሮ ካሳ የተቀበለ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ልጄ ቆጮዋን ስታሽ በበሩ አጮልቆ አያት።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«እጇን እያለማመደች ነዋ።»

«ኧረ ይተዉ! ካሳችሁን በገዛ እጃችሁ እየቀነሳችሁ ነው እኮ!» ብሎ ሳቀ። «ቦርድ የሚጽፈው ያን ዕለት ያየውን ነው። ካያት በኋላ እንኳን ይችን፣ የሰርግ ሊጥ ታቡካ።»

ዋሹ አላለኝም። እኔም ለራሴ ያልኩት ይህንኑ ነበር፤ እጇ መሰበሩ እውነት፣ አለመታጠፉም እውነት፣ ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው? ሰው ራሱን ማታለል ሲፈልግ ከጠበቃ ይበልጣል። ሳህኑን አነሳሁና «ቦርዱ እስኪያይሽ አታንቀሳቅሺው» አልኳት።

«አባዬ፣ ባለሙያዋ ግን...»

«ሰማሽኝ አይደል?»

ልጄ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ግን እሺ አለች። እሺ እንድትል አድርጌ ነው ያሳደግኳት።

ቀጠሮው ደረሰ፤ አንዱ ሐኪም ሥልጠና ሄዷል ተብሎ ተላለፈ። እንደገናም ተላለፈ። እኔ መቀመጥ አቃተኝ። የበር መቃን ስለካ ተሳስቼ አሳጠርኩት። ሥራዬን ጥዬ ሆስፒታል እሄዳለሁ፤ ጠይቄ እመለሳለሁ፤ ደግሞ እሄዳለሁ። ማዕድ ላይ ልጄ በግራ እጇ እየጎረሰች ቀኟን ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች። እኔ ዓይኔ እዚያ ላይ ነው። ዳነ ወይ ብዬ አይደለም የማየው፤ እንዳይድን ነው። ይህን አወቅኩ፤ ሆኖም ትእዛዜን አላነሳሁም።

ባለቤቴ ገብቷታል። «አንተ ሰውዬ፣ ልጅህን ለገበያ እንደታሰበች በግ ታያታለህ» አለችኝ። «ሌላው እንኳ አደልቦ ነው የሚሸጠው፤ አንተ አክስተህ!»

ካስቆምኳት በስድስተኛው ሳምንት ቦርዱ ተሰበሰበ። ከሦስቱ ሐኪሞች በዕድሜ የገፉት ጣቶቿን አንድ በአንድ ለማጠፍ ሞከሩ። ልጄ ጮኸች።

«የታዘዘልሽን እንቅስቃሴ ትሠሪያለሽ?»

እሳቸውን አላየችም፤ እኔን አየች። በልጅነቷ ስኳሩ ከንፈሯ ላይ እንደተጣበቀ እንዲህ ነበር የምታየኝ። አሁን ስኳሩ ያለው የእኔ ከንፈር ላይ ነው።

«የከለከልኳት እኔ ነኝ» አልኩ።

«ለምን?»

«መቶኛው ከፍ እንዲል።»

ሐኪሙ ብዕራቸውን ከደኑ። «ዛሬ አንጽፍም። ሁለት ወር ትሥራና ትመለስ። አባት፣ ጅማት ቀጠሮ አይጠብቅም እኮ!»

ያን ዕለት ሳህኑን ራሴ አቀረብኩላት። በሁለት ወር ውስጥ ጣቶቿ ተመለሱ፤ የቀለበት ጣቷ ብቻ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ቦርዱም እንደዚያው ጻፈ። «ይህ ከሚኒባሱ ነው ወይስ እኔ ካስቆምኳት ጊዜ?» ብዬ ጠየቅኩ። «አሁን መለየት አይቻልም» አሉኝ።

ለሚኒባሱ መድን ድርጅት የሚቀርበውን ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ። መጨረሻው ላይ «ለስድስት ሳምንት እንቅስቃሴ ያቋረጠችው በአባቷ ትእዛዝ ነው» የሚል ጨመርኩ። ፈራሚዋ እሷ ስለሆነች አነበብኩላት።

«ይቀንሱብኛል?»

«ሊቀንሱ ይችላሉ። ጣቱ ያንቺ ነው፤ ዐረፍተ ነገሩን አውጣው ካልሽኝ...»

«ተወው፣ ይኑር። የአንተን ድርሻ እኔ ይቅር ብዬሃለሁ። የሚኒባሱን ግን አልተውም። በል አምጣው።» ብዕሩን በቀኝ እጇ ይዛ ፈረመች።

መልሱ እስካሁን አልመጣም። እሷ ወደ ስፌቷ ተመልሳለች፤ መቀሱን የምትይዘው ግን እንደ ድሮው አይደለም። በየጠዋቱ ቆጮዋን ስታሽ ሰዓት ይዤ በሩ ላይ እቆማለሁ።

«አባዬ፣ ወጣ በል እስቲ» ትለኛለች። «አንተ ስታየኝ ጣቴ ያፍራል።»

እወጣለሁ። ውጭ ቆሜም ደቂቃውን እቆጥራለሁ።