ሚርጋ ስል የተነሣችው እጅ

ከሚሴ ላይ በተከላካይ ጠበቃነት ሥራ በጀመርኩበት ቀን የተመደቡልኝ ደንበኛ የሰንበቴው ከብት ነጋዴ አባ ይመር ነበሩ። የተሰረቀ በሬ ገዝተዋል ተብለው ነው የተከሰሱት። ካባዬ ገና አዲስ ነው፤ እኔ ግን ሃያ ዓመት የተከራከርኩ ያህል ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። በራሴ መተማመን አላነሰኝም፤ ዛሬም አያንሰኝም።

የከሚሴ ችሎት የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው። ዳኛው፣ «ደንበኛሽ ዝም የማለት መብታቸውን ያውቃሉ?» ሲሉኝ ወደ አባ ይመር ዞርኩና «ሚርጋ ቀብዱ» ብዬ ጀመርኩ። መብት አለዎት ማለቴ ነው። ሚርጋ በትምህርት ቤት ኦሮምኛ መብት ነው፤ በከብት ገበያ ኦሮምኛ ግን ቀኝ ነው።

አባ ይመር ቀኝ እጃቸውን ብድግ አደረጉ። «ይማሉ» የተባሉ መስሏቸዋል። «ወላሂ፣ በሬውን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ሻጩን ግን...» ብለው ቀጠሉ። ምስክር የሚሆናቸው፣ ያዋዋላቸው ደላላ ገና አልተገኘም። ከአነጋገር ይፈረዳል፤ ያቺን ንግግር «አላውቀውም» ብለው ቢጨርሷት ወህኒ መውረዳቸው ነው።

ደነገጥኩ። ዳኛውን አስፈቅጄ እንደገና ነገርኳቸው፤ «አባ፣ እጅዎን ያውርዱ። ዛሬ መናገር ካልፈለጉ ዝም ይበሉ። ማንም አያስገድድዎትም።»

«እንደሱ ነው እንዴ? ታዲያ ደላላው እስኪመጣ ምን አስለፈለፈኝ» አሉና ተቀመጡ።

በቀጠሮው ደላላው መጥቶ በሬው በሰው ፊት፣ በገበያ መሐል መገዛቱን መሰከረ። አባ ይመር በነፃ ተሰናበቱ።

እያደር ሌላ ነገር ያንገበግበኝ ጀመር። ዓለም አቀፍ ስምምነት በጠቀስኩ ቁጥር ዐቃቤ ሕጉ «ይሄ ጄኔቫ አይደለም፣ ከሚሴ ነው» ይለኛል። ችሎቱ ይስቃል። እኔም ወደ ሌላው ነጥቤ አልፋለሁ፤ ጉዳዩን በወጉ አልተማርኩትማ። አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ለሰብአዊ መብት ሕግ የአጭር ጊዜ ኮርስ ነፃ የትምህርት ዕድል ማውጣቱን ስሰማ ይህ ዕድል የኔ ነው አልኩ። ለነሱ በጋ የሆነው ለኛ ክረምት ነው፤ በክረምት ደግሞ ፍርድ ቤት ዝግ ነው።

ማመልከቻዬን የተከላካይ ጠበቆቹ አስተባባሪ ኦቦ ሐሰን አነበቡት። «እንግሊዝኛው ያምራል» አሉኝ። «ግን ይሄንን የናይሮቢም ልጅ ይጽፈዋል፣ የካይሮም ልጅ ይጽፈዋል። አንቺ የታለሽ?»

ተናደድኩ። አድሬ ሳስበው ግን እውነታቸውን ነው። «ፍትሕ»፣ «ክብር»፣ «ልህቀት» የሚሉትን ሁሉ አውጥቼ የአባ ይመርን እጅ ጻፍኩ።

ቃለ መጠይቁ በስክሪን ነበር። የምትጠይቀኝ ፕሮፌሰር፣ «ታሪኩ ደስ ይላል፤ ግን የአንድ ቋንቋ ጉዳይ አይደለም ወይ?» አለችኝ።

«አይደለም» አልኳት። «መብት አለህ ሲሉት ያልገባው ሰው እናንተም ዘንድ አለ። የኛው እጁን ስላነሣ አየነው፤ የናንተው ዝም ስለሚል አታዩትም።»

ሳቀችና ጻፈች። ሙሉውን ዕድል ሰጡኝ። መልእክቱን ያነበብኩት ጨፋ ሮቢት መናኸሪያ ሆኜ ነው፤ ደስታው እግሬን አላስቆም ብሎኝ ታክሲው ጥሎኝ ሄደ።

ከኮርሱ በተመለስኩ ሰሞን ሰንበቴ ገበያ አባ ይመርን አገኘኋቸው።

«ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ የት ጠፋሽ?»

«ሚርጋ ልማር ባሕር ማዶ ሄጄ ነበር፣ አባ።»

ቀኝ እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት። «ለዚች ነው ያን ያህል አገር ያቋረጥሽው?»

«ለሷ ነው።»

«ታዲያ ምን አሉሽ?»

«ያውርዷት ነው የሚሉት።»

ከልባቸው ሳቁ።

ዐቃቤ ሕጉ ዛሬም «ይሄ ከሚሴ ነው» ይለኛል። «አዎ» እለዋለሁ፤ «ከሚሴም ያለችው ስምምነቱን በፈረመ አገር ውስጥ ነው።» አንቀጹን እጠቅስለታለሁ። አሁን የሚስቅ የለም።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ለሰው መብት አለህ ብላችሁ አትለፉት። ምን ማድረግ እንደሚችል ንገሩት።