ለስለት የሰጠሁት ሳህን

ሳህኑ የአባቴ ነበር። አባቴ የድጓ መምህር ነበሩ፤ ከየት እንዳገኙት ግን ነግረውን አያውቁም። ጎድጓዳ ነው፤ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ቅቡ እንደ መስተዋት የሚያበራ። አፉ ላይ የጥፍር ያህል ተሸርፏል። እናታችን በፋሲካ ካልሆነ ከሣጥን አታወጣውም ነበር።

ልጄና የጎረቤቴ ልጅ ወደ ሳዑዲ ለመሻገር ከሰቆጣ የወጡ ዕለት ሳህኑን ለደብራችን ተሳልኩ። «ልጄ በሰላም ከገባ» ነበር ያልኩት። የሁለቱን ስም መጥራት እችል ነበር፤ አልጠራሁም።

ከሁለት ወር በኋላ፣ የደብራችን ንግሥ ሁለት ቀን ሲቀረው ልጄ ደወለ። ገብቷል። ጓደኛው ግን ጀልባዋ ስትገለበጥ ባሕሩ ውስጥ ቀርቷል፤ ልጄ በዓይኑ አይቷል።

«እማዬ፣ አንቺ ንገሪልኝ። እኔ አልችልም» አለኝ።

እኛ ዘንድ መርዶ ሰው ብቻውን አይናገርም። ሽማግሌዎች ተጠርተው፣ ጎህ ሲቀድ አብረው ይሄዳሉ። ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው።

«በዓሉ ይለፍ። በንግሥ መርዶ አይነገርም። በማግስቱ እንሄዳለን» አሉ።

በዋዜማው ጎረቤቴ መጣች።

«ያንቺው ደወለ አሉ፤ እሰይ! የኔስ? ምን አለሽ?»

«መስመሩ ተቆረጠብን» አልኳት።

የንግሡ ዕለት ታቦቱ ከገባ በኋላ የስለት ዕቃው ለጨረታ ወጣ። ጃንጥላውና ምንጣፉ ተሸጠው አለቁና የደብሩ ጸሐፊ እኔ ያስገባሁትን ሳህን ከፍ አድርገው ያዙት። ከአዲስ አበባ ለበዓል የመጣ አንድ ባለ ባርኔጣ ሰው ተቀብሎ ገልብጦ ታችኛውን አየ።

«አባቴ፣ ይሄ የጥንት የቻይና ሥራ ነው» አለ።

«ቻይና መንገድ ሲሠራ እንጂ ሳህን ሲሠራ አላየንም!» አሉ ጸሐፊው። ሕዝቡ ሳቀ።

ሰውየው ዋጋ ጠራ። ከሴቶቹ መካከል ጎረቤቴ ተነሥታ ጨመረች። ሰውየው ጨመረ። እሷም ጨመረች። ሰውየው እጥፍ ሲያደርገው፣ «ፍየሌን ጨምሩበት!» ብላ ጮኸች።

«የምትታለበዋን ነው? ቡናሽን በምን ልትጠጪ?» አላት አንዱ ከኋላ።

እንደገና ሳቁ።

«አትሳቁብኝ። ስለት የሰመረበት ዕቃ ነው። የሷን ልጅ በሰላም አስገብቶላታል፤ እኔም ተስዬበት የኔን ያስገባልኛል።»

ሳቁ ቆመ። ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። «ይውሰዱት፣ እናቴ» አለና ወደ ኋላ ተመለሰ። እልልታው ቀለጠ። ነፍስ አባቴን ፈለግኳቸው፤ መሬት መሬት እያዩ ነበር።

ጎረቤቴ ሳህኑን በነጠላዋ ጠቅልላ በፊቴ አለፈች።

«አየሽ? ከደጅሽ አልራቀም» አለችኝ።

«እሰይ» አልኳት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄድኩ። በሯን ስትከፍት ፊት ለፊቷ ያየችው እኔን ነው። ሳህኑ መደቡ ላይ ጠበል ተሞልቶ ተቀምጧል። የሆነውን አልጽፈውም። ጠበሉን ማን እንደደፋው አላየሁም፤ ኋላ ስወጣ ወለሉ እርጥብ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሲሳሳ አጠገቧ ጠራችኝ።

«ጨረታው ላይ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እሰይ ያልሽኝ እያወቅሽ ነው?»

ስለ በዓሉ፣ ስለ ነፍስ አባቴ ልነግራት አስቤ ነበር። «አዎ» ብቻ አልኩ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ለደብሩ የሰጠቻትን የምትመስል ፍየል ገዝቼ ወሰድኩላት። በማግስቱ ከደጄ ታስራ አገኘኋት። ከአርባው በኋላ ደግሞ ሳህኑ መጣ፤ ታጥቦ፣ ተደፍቶ፣ የቤቴ ደፍ ላይ። ለደብሩ እንዳልመልሰው አንዴ ተሽጧል። ሣጥን እንዳልከተው የኔ አይደለም። መስኮቱ ሥር አስቀምጬዋለሁ፤ አቧራውን እጠርጋለሁ እንጂ ምንም አላደርግበትም።

ልጄ በደወለ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ እሷ ነው።

«እንዴት ናት? ትመጣለች?»

«ደህና ናት» እለዋለሁ። በር ለበር ነን፤ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ እስክታልፍ ድረስ አልወጣም።