አባቴ መጀመሪያ ውሃ ይጠጣ ያለው ጀልባ

እኔ ቤት ቀቢ ነኝ። አሶሳ ውስጥ ብሩሽ ከያዝኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ስለ ቀለም ሰው ሊያስተምረኝ ሲሞክር ደሜ ይፈላል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጥፋቴ የጀመረው ከዚሁ ስለሆነ ነው።

አባቴ ደግሞ ጀልባ ቀዛፊ ነበር። ከወሎ በሰፈራ የመጣ፣ ከዚያ በፊት ከጉልበቱ የሚያልፍ ውሃ አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። ዳቡስ ወንዝ ዳር አንድ የበርታ ሽማግሌ ቀዘፋ አስተማረው፤ ሽማግሌው ሲያርፍም የጣውላ ጀልባውን ለእሱ ተወለት። ከዚያ ወዲያ ገበያተኛውን፣ በሽተኛውን፣ ሙሽራውን፣ ፍየሉን ሳይቀር ሲያሻግር የኖረው አባቴ ነው። በኋላ ድልድይ ተሠራ። ሰው በእግሩና በባጃጅ መሻገር ጀመረ። ድልድይ መልካም ነገር ነው፣ አልራገምም። አባቴ ግን ጀልባውን በጭነት መኪና አስመጥቶ ግቢያችን ውስጥ ማንጎው ሥር ደፋው፤ አጠገቡም በርጩማ አድርጎ ተቀመጠ። ስድስት ዓመት ተቀመጠ።

ዝም ብሎ ቢቀመጥ ምንም አልነበረም። እየቀነሰ ሄደ እንጂ። መጀመሪያ ገበያ መውጣት ተወ፣ ቀጥሎ ለቅሶ መድረስ፣ ቀጥሎ ከእኔ ጋር መጨቃጨቅ። የመጨረሻው ነው ያስፈራኝ።

ታዲያ አንድ ቀን ግድቡ በፈጠረው ሐይቅ ላይ ዓሣ የሚያሰግሩ ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው ጀልባ እየፈለጉ ነው የሚል ወሬ መጣ። ጀልባው ተቀባይነት ያገኘ ሰው አባል ይሆናል፣ ቀዛፊውም እሱ ራሱ ነው። አባቴ ይህን ሲሰማ ከበርጩማው ተነሥቶ ጢሙን ተላጨ። እውነቱን ልናገር፣ ያን የተላጨ ፊት ሳይ ደስታ አልነበረም የተሰማኝ። ፍርሃት ነው። ይሄ ጀልባ ካልተቀበሉት ተመልሶ ይቀመጣል፣ ከተቀመጠም አይነሣም ብዬ ፈራሁ።

የማኅበሩ ኮሚቴ ሰዎች ለሌላ ጉዳይ አሶሳ ሲመጡ ጀልባውን ያዩታል ተባለ። አሥራ ሁለት ቀን ቀረን።

ጀልባውን ገለበጥነው። የድሮው ቀለም እንደ ማንጎ ልጣጭ ይነሣል። ስድስት በጋ ያደረቀው እንጨት በጣውላና ጣውላ መሃል ጣቴን የሚያስገባ ክፍተት ፈጥሯል። ለጀልባ የተሠራ ቀለም የት ይገኛል ብዬ ብጠይቅ ባለ ሱቁ ሳቀብኝ፤ ቢገኝም አቅሜ አይደለም። እኔ ያለኝ ከሥራ የተራረፈ ነው። ከአንድ ክሊኒክ የቀረ ሰማያዊ ዘይት ቀለም፣ ከትምህርት ቤት አጥር የተረፈ አረንጓዴ፣ የማን ሳሎን እንደነበር የረሳሁት ነጭ። ለክፍተቱ ከአንድ ጋራዥ የመኪና ስቱኮ ለመንኩ፤ የተጋጨ መኪና የሚሞሉበት፣ ሲደርቅ ድንጋይ የሚሆነው።

አባቴ ጣሳዎቹን አየና ራሱን ነቀነቀ።

«መጀመሪያ ወንዝ ወስደን እንንከረው» አለኝ። «አሥር ቀን ውሃ ይጠጣ። እንጨቱ ሲያብጥ ክፍተቱን ራሱ ይዘጋዋል። ሽማግሌው ሁልጊዜ ‹እንጨት ይጠጣል መጀመሪያ፣ ከዚያ ሰው ይጭናል› ነበር የሚለኝ።»

«አባባ፣ እርጥብ እንጨት ቀለም አይዝም።»

«ባይዝስ? ቀለም ነው እንዴ የሚንሳፈፈው?»

ያኔ ተቆጣሁ። ኮሚቴው ሲመጣ የራሰና የተላላጠ ጣውላ ልናሳየው ነው ወይ አልኩት። ሃያ ዓመት ቀለም ስቀባ ኖሬ ስለ ቀለም አንተ ልትነግረኝ ነው ወይ አልኩት። እኛ የሰፋሪ ልጆች ያደግነው ክረምት ሳይገባ ቀዳዳ ስንደፍን ነው። የዚህ አገር ዝናብ ደግሞ መጥቶ አይሄድም፤ ግድግዳችን ላይ ስንጥቅ ካየን እንቅልፍ የለንም። ጀልባውንም ያየሁት በዚያው ዓይን ነው። ቤት ውሃ እንዳያስገባ ይደርቃል፣ ይደፈናል፣ ይቀባል። ጀልባ ውሃ ጠጥቶ ውሃ እንደሚከለክል ጭንቅላቴ አልተቀበለውም።

አባቴ «እንግዲህ ይሁን፣ የቀለሙን ነገር አንተ ታውቃለህ» አለ።

የተስማማ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው እጁን የሰጠኝ ከልጁ ጋር መሥራቱን ላለማጣት ይመስለኛል።

እነዚያ ቀናት ጥሩ ነበሩ፤ ይሄ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ። እሱ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፣ እኔ በስፓቱላ ስቱኮውን ክፍተቱ ውስጥ እየጠቀጠቅኩ እሞላለሁ። እሱ ዘፈን ቢጤ ያንጎራጉራል። እጁ ቀለም ሲነካው አኳራጅ የሚባለውን የቀለም ማቅጠኛ በጨርቅ አድርጌ አስለቅቅለታለሁ፣ እሱም እንደ ሕፃን እጁን ዘርግቶ ይጠብቀኛል። ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ደባልቄ አንድ ጥልቅ ያለ ቀለም አወጣሁ። በነጩ ደግሞ አባቴ ራሱ፣ ሽማግሌው ያሰምርበት በነበረው ቦታ፣ ዙሪያውን መስመር አሰመረ። መስመሩ ተጣመመ። ላስተካክለው ብል አልፈቀደልኝም።

ኮሚቴው መጣ። ሦስቱም በመዳፋቸው ዳበሱት። አንደኛው «አዲስ ነው እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ ደረቴ ተነፋ። ተቀበሉት። አባቴ ኮሚቴውን ሸኝቶ ሲመለስ ትከሻዬን መታ አደረገኝ፤ በሕይወቱ ሁለተኛ ጊዜ ይሆናል።

ሐይቁ ድረስ አብሬው ሄድኩ። የመጀመሪያውን ቀን ቀዘፈ። እኔ ዳር ቆሜ አየሁት፤ ወገቡ ቀና ብሎ፣ ስድስቱ ዓመት ከላዩ ወርዶ። ጠብታ ውሃ አልገባም። «አየህ?» አልኩት ሲመለስ። «አየሁ» አለ፣ ዓይኑን ግን ከጣውላው አልነቀለም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጀልባው ዳር እንደታሰረ ሰው ሳይነካው ጮኸ። ደረቅ እንጨት በጉልበት ሲሰበር የሚያሰማው ድምፅ ነው። እንጨቱ በመጨረሻ ውሃውን ጠጥቶ ነበር። አብጦ ክፍተቱን ሊዘጋ ሲል እኔ የሞላሁት ድንጋይ መሃል ገብቶ አላሳልፍ አለው። መሄጃ ሲያጣ ሚስማሩን እየነቀለ፣ ራሱን እየሰነጠቀ ወጣ። ሦስት ጣውላ በቁመቱ ተተረተረ። አባቴ ውስጡ ዘልቆ የገባውን ውሃ በጣሳ ይቀዳ ጀመር። ይቀዳል፣ ውሃው ይመለሳል፣ ይቀዳል። የማኅበሩ ሰዎች እጁን ይዘው እስኪያወጡት ድረስ አላቆመም።

የማኅበሩ ሊቀመንበር በትሕትና ነው ያናገረን። «አባት፣ ይቅርታ ያድርጉልን፣ ሰው እንጭናለንና» አለ። በሳምንቱ ሌላ ጀልባ አገኙ፣ ከነቀዛፊው። እንዲህ ያለ ጀልባ መጠገን የሚችል ደግሞ ያ የበርታ ሽማግሌ ብቻ ነበር፤ እሱም ካረፈ ቆየ።

ጀልባውን በጭነት መኪና ጭነን ስንመለስ መንገዱን ሙሉ እንዲሰድበኝ ጠበቅኩ። ባምላክ ስም አንድ ቃል ተናገር እለው ነበር በልቤ። እሱ ግን መስኮቱን አስከፍቶ ውጭ ውጭውን አየ።

ጀልባው ዛሬም ማንጎው ሥር ነው፣ ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉበታል። አባቴ በርጩማው ላይ ነው። ሁለት ክረምት ዘነበበት፣ ቀለሙ ግን ነቅነቅ አላለም፤ በደረቅ እንጨት ላይ የተቀባ ነዋ። እንግዳ ግቢያችን በገባ ቁጥር አባቴ ከተቀመጠበት ሳይነሣ በከዘራው ይጠቁማል።

«ልጄ ነው የቀባው» ይላል። «እስቲ ቀረብ ብለህ እየው፣ እስከ ዛሬ አልለቀቀም።»

እንግዳው ቀረብ ብሎ ያደንቃል። እኔ ሥራ እንዳለብኝ ሆኜ ወደ ጓዳ እገባለሁ።