ያልተወለወለው ጥግ

ፊደል የቆጠርኩት ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። አሳምሬ አልጽፍም፤ የሆነውን ግን እጽፋለሁ።

ካዛንቺስ ባለ አንድ ሆቴል የአዳራሽ ወለል ወልዋይ ነኝ። ጣውላውን ሰም እቀባለሁ፣ ከዚያ ብሩሽ ከእግሬ ስር አድርጌ እስኪያበራ እፈትገዋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ዳንስ የሚማሩ የቢሮ ሰዎች ይመጣሉ። ታንጎ ነው የሚማሩት።

አንድ ቅዳሜ ሳልጨርስ ደረሱ። አስተማሪው ሙዚቃውን ከፈተ። ዘፋኝ የለውም፤ ቫዮሊንና አኮርዲዮን ብቻ። ይሮጣል፣ በቃ ይሮጣል፣ ከዚያ ሚኒባስ ድንገት ፍሬን ሲይዝ እንደሚሆነው ቀጥ ይላል፣ መልሶ ይነሳል። ባልና ሚስት ጎረቤት እንዳይሰማ ጥርሳቸውን ነክሰው ሲጣሉ እንዲህ ነው። ቂርቆስ እኔ ቤት ስንት ዓመት እንዲህ ነበር። ደሜ ፈላ። እግሬ ከነብሩሹ አብሮ መሮጡን አላወቅኩም።

«እዩት፣ ፋዘር ከእኛ በለጠ» አለ አንዱ። ሳቁ። አንዷ ሞባይሏን አውጥታ ትቀርፀኝ ጀመር።

ብሩሼን አንስቼ ወጣሁ። መስኮቱ ስር ያለው ጥግ ሰም ተቀብቶ ገና አልተፈተገም። እንዲያ ያለ ሰም ሳሙና ማለት ነው። አውቃለሁ፣ ሥራዬ ነው። ውደቁ ብዬ ዝም አልኩ። እንዲያውም በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ።

የወደቀችው ያልሳቀችው ናት። ሁልጊዜ «እንደምን ዋሉ አባባ» የምትለኝ። ሙዚቃው ቀጥ ሲል እሷ መቆም አቃታት፤ ተንሸራታ ሄዳ በእጇ ላይ አረፈች። አጥንቷ ቀጭ ሲል ሰማሁት፣ ሙዚቃው ዝም ያለበት ቦታ ነበርና። ሰሙን ያሰበ የለም። ሁሉም ጫማዋን ረገሙ።

በሳምንቱ እጇን በጄሶ ታስራ መጣች። ወደ እኔ ስትመጣ፣ አወቀችብኝ አልኩ።

«አባባ፣ ስወድቅ ጣውላዎን በተረከዜ ጫርኩብዎት። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጫማው አዲስ ስለነበር ነው።»

«ሰሙ...» አልኩ። አስተማሪው ከኋላዋ መጥቶ ቆመ።

«ሰሙ ምን ሆነ?» አለች።

«ግድ የለም፣ ልጄ» አልኳት። ይቅር አልኳት፣ እኔ።

ጭረቱ አሁንም አለ። ሰም ስቀባ እዚያ ስደርስ እዘለዋለሁ።