ማን ይባርካት ሲባል የሞተችው ድኩላ

ዋላቢ የሚባል እንስሳ አለ። በዓይኔ አላየሁትም፣ አላይምም። አገሩ አውስትራሊያ ነው። ማንበብ የተማርኩት ጎልምሼ፣ ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ስለሆነ ፊደል ያለበት ነገር ሁሉ ያጓጓኛል። ሰሞኑን አየር ጤና መንገድ ዳር ከተዘረጉት አሮጌ መጻሕፍት መሐል ስለ ዱር እንስሳት የተጻፈ አንድ ገዛሁና እዚያ ላይ አገኘሁት። የካንጋሮ ታናሽ ዘመድ ነው። እናቲቱ ግልገሏን ሆዷ ላይ ባለ ከረጢት ትሸከማለች። ቀን ቁጥቋጦ ውስጥ ተሸሽጎ ይውላል፤ ሲመሻሽ ወጥቶ ሣር ይግጣል። ቁጥቋጦው ሲመነጠር፣ ውሻና ቀበሮ ሲበዛበት ከብዙ ቦታ ጠፍቷል።

ቀጥሎ ያለውን ሳነብ መጽሐፉን አልጋው ላይ ወረወርኩት። ዋላቢን ሲያባርሩት ከቆዩ ማንም ሳይነካው፣ ቁስል ሳይኖረው ሊሞት ይችላል ይላል። ሩጫውና ድንጋጤው ጡንቻውን ያበላሸዋል፤ ልቡ ይቆማል። ሚዳቋም ድኩላም እንዲሁ ናቸው ይላል። ስለዚህ አዋቂዎች ሲይዙት ዓይኑን በጨርቅ ይሸፍኑታል፤ ድምፅም አያሰሙም።

ድምፅ አያሰሙም። ይህን ለሰፈሬ ሰው ማን ይንገርልኝ።

ያለፈው ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም፣ ቀራንዮ ውስጥ ገና ያላለቀ አንድ ፎቅ እጠብቅ ነበር። ጎኑ ገደል ነው። ከገደሉ ማዶ ጥድና ቁጥቋጦ የተረፈበት ዳገት አለ። እዚያ አንዲት ድኩላ ነበረች፤ ቀይ፣ ቀንድ የሌላት፣ ጎኗ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያላት። ጎህ ሲቀድ ከገደሉ ሥር ካለው ውሃ ስትጠጣ አያታለሁ። ለማንም አልተነፈስኩም። ሰው ካወቀ እንደሚበላት አውቃለሁና። እስቲ ተመልከቱ፤ በከተማችን ዙሪያ የተረፈው ማን ነው? ጅብ። ጦጣ። ጥንብ አንሳ። የተረፉት ስለማይበሉ ነው፣ ስላዘንንላቸው አይደለም። ዋላቢም እዚህ ቢወለድ ኖሮ እግሩ ጣት እንጂ የተሰነጠቀ ሰኮና የለውምና አንገቱን ቀና አድርጎ ይኖር ነበር። ድኩላ ግን እንደ ፍየል ሰኮናዋ የተሰነጠቀ ነው፤ ታመሰኳለች። ጥፋቷ ይኸው ነው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የጋራዥ ውሾች አስነሷት። ከውሾቹ ኋላ ሰው ተከተለ። ገደሉን ሽቅብ ቁልቁል ሲያስሯሯጧት ቆይተው በመጨረሻ እኔ የምጠብቀው ግቢ ገባች። ከሲሚንቶው ክምር ኋላ ቆመች። ጎኗ እንደ ወናፍ ይነፋል። በሩን ልዘጋ ስል ገፍተውኝ ገቡ።

«ዝም በሉ። ውሾቹን አስወጡና ትተንፍስ» አልኩ።

«ጋሼ ደግሞ የድኩላ ዘበኛ ሆኑ እንዴ?» አለ ጋራዥ የሚሠራው ወጣት። ሳቁ።

ሥጋ ቤት ያለው ጎረቤቴ ቢላዋውን ይዞ መጣ። ቤቱ በጾሙ ምክንያት ተዘግቶ እጁን ሲበላው ሰንብቷል።

«ጾም ነው እኮ» አለችው በር ላይ ድንች የምትሸጠው ሴት።

«እኔ እንጂ ፍሪጄ አይጾምም። እስኪፈታ ይቀመጣል።»

«ያስነሷት የኛ ውሾች ናቸው» አለ የጋራዡ ወጣት፤ ሙስሊም ነው። «ቢስሚላህ ካልተባለባት እኔ ቤት አትገባም።»

«በስመ አብ ካልተባለባት ደግሞ እኔ ቤት አትገባም።»

«ግማሽ ግማሽ ባርኳታ» አለች ድንች ሻጯ።

«አንገቷ አንድ ነው፣ እትዬ» አላት ወጣቱ።

ሽማግሌ ይጠራ ተባለ። የለም፣ ዕጣ ይጣል ተባለ። አንዱ ሲጮኽ ሌላው ከሱ በልጦ ይጮኻል፤ ውሾቹ ከሁሉም ይብሳሉ። መሐል ገብቼ ብለምን፣ ብሳደብ የሚሰማኝ ጠፋ። ዞር ስል የፊት እግሮቿን አጥፋ ተንበርክካለች። ቀስ ብላ በጎኗ ጋደም አለች። ዕጣው ለማን እንደወጣ እንኳ አላውቅም።

ባለ ሥጋ ቤቱ በጫማው ጫፍ ነካ አደረጋት። «በክት ሆናለች» አለ። ሳይታረድ የሞተ በክት ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አይቀምሰውም። የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው። ቢላዋውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሄደ። ሌላውም ተበተነ። ሬሳ ማውጣት የዘበኛ ሥራ ነው አሉ።

ስጎትታት ጡቷን አየሁ። ወተት ቋጥሯል።

ድኩላ ከረጢት የላትም። ግልገሏን ቁጥቋጦ ውስጥ አስተኝታ ትሄዳለች፤ እሱም እስክትመለስ ንቅንቅ አይልም። ማዶ ተሻግሬ በዝናብ ፈለግኩ፣ እሾህ ቧጠጠኝ፣ አጣሁት። እዚያ ተኝቶ እሷን ይጠብቃል እያልኩ እህል ከአፌ አልገባ አለኝ። ሰፈሩን በሙሉ ረገምኩ፤ እርግማኑን እስከ ዛሬ አላነሳሁም።

መስቀል ካለፈ በኋላ ውሃው ዳር ጭቃ ላይ ዱካ አየሁ። ትንሽ፣ የተሰነጠቀ። እናቱ ስትሞት ቅጠል መቀንጠብ ጀምሮ ነበር መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን ባለ ሥጋ ቤቱ መንገድ ላይ አስቆመኝ። «ያቺ ድኩላ የምታጠባ ነበረች አሉ። ግልገሏን አላየኸውም?»

«ጅብ በልቶታል» አልኩት።

«ያሳዝናል» አለ።

ምኑ እንዳሳዘነው አልጠየቅኩትም። ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይነሳ ወደ ውሃው እወርድና ዱካውን በእግሬ አጠፋለሁ።