ጎደሎ ጆንያ ያቅፋል

ታናሽ ወንድሜ ከግራና ገበያ እየሮጠ መጥቶ «የኢላማው ጠረጴዛ ተመልሷል!» ሲለኝ፣ ከደስታዬ ብዛት የያዝኩትን የማሽላ ጆንያ ለቀቅኩት። ፍሬው መሬት ላይ ተንሿሿ፤ አቧራው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ያ ሽታ መንጭቆ ወደ ልጅነቴ ይዞኝ ሄደ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከአያቴ ጋር ማሽላ ልንሸጥ ገበያ ወርደናል። ከዋርካው ሥር አንድ ሰውዬ ጠረጴዛ ዘርግቶ በአየር ጠመንጃ ያስተኩስ ነበር። ጥይቷ ከምስር ፍሬ አትበልጥም። ማዶ፣ ሳንቃ ፊት ለፊት፣ አንዲት ቆርኪ በክር ተንጠልጥላለች። ጎረምሶቹ ተራ በተራ ቆመው ይተኩሳሉ፣ ይስታሉ፣ ይሳሳቃሉ።

እኔ ደግሞ ምላሴ መቼ አርፎ! «የእኔ አያት ቢሆኑ አይስቱም ነበር!» አልኳቸው።

አልዋሸሁም። በየሠርጉ ኢላማ ሲተከል የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። የረሳሁት ነገር፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ማንም ጠመንጃ አቀብሏቸው እንደማያውቅ ነው።

«እስቲ ይምጡ አባባ!» አለ አንዱ ጎረምሳ። «ብቻ ጠመንጃዋን እንዳይጥሏት፣ የሰው ናት!»

ሁሉም ሳቀ። አያቴ ዞር ብለው አዩኝ። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

ተነሡ። እንደ ወጉ ቆመው ተኮሱ፤ ሳንቃውን እንኳ አላገኙትም። ባለ ጠረጴዛው አዝኖ «አባባ፣ ተቀምጠው ጠረጴዛው ላይ ባለው ጆንያ ያስደግፉት» አላቸው። በእኛ አገር ደግሞ ተደግፎ መተኮስ ያሳፍራል።

«ምርኩዝም ጨምሩላቸው!» አለ ያው ጎረምሳ።

አያቴ ወንበሩን ሳብ አደረጉ። ከዚያ ተቀመጡ። በአሸዋ የተወጠረውን ጆንያ ገፋ ገፋ አድርገው «ይሄ አይሆንም። ልጄ፣ የእኛን አምጭልኝ» አሉኝ። የእኛው ግማሹ ተሸጦ ጎድሏል። እየተንገዳገድኩ ጎትቼ አመጣሁላቸው፤ ባለ ጠረጴዛው አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«የሞላ ጆንያ ያንሸራትታል፤ ጎደሎ ጆንያ ያቅፋል» አሉኝ አያቴ።

መሐሉን በቡጢ ጎድጎድ አደረጉና የጠመንጃውን እንጨት አስተኙበት፤ ብረቱ ግን ጆንያውን አልነካም። ሁለቱን ክርናቸውን ጠረጴዛው ላይ ተከሉ። ጉንጫቸውን አሳረፉ። «ቢስሚላህ።» ትንፋሻቸው ቀስ ብሎ ወጣ፤ ቆመ።

እኔ አፈሙዙን ነበር የማየው። ተንቀጠቀጠ። ንቅናቄው እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ፤ ከዚያ ጠፋ። ዛሬም ድረስ እንደዚያ ጸጥ ያለ ነገር አላየሁም። ገበያው ሁሉ አብሮ ትንፋሹን የዋጠ መሰለኝ።

ቃ!

ቆርኪዋ በክሯ ላይ ተሽከረከረች፤ ፀሐይ እየተቀበለች ብልጭ፣ ብልጭ አለች። ያ አሽሟጣጭ ጎረምሳ ቀረብ ብሎ፣ በቀጭን ድምፅ «አባባ፣ ለእኔም ያሳዩኝ» አለ።

«ና ቁጭ በል። መጀመሪያ ትንፋሽህ ይረፍ።»

ወደ ቤት ስንመለስ እጃቸውን ያዝኩ። አሁንም ይንቀጠቀጥ ነበር። ጠበቅ አላደረግኩትም፤ ጆንያው ጠመንጃውን እንዳቀፈው አቀፍኩት እንጂ። ስላስቀየምኳቸው ይቅርታ ልላቸው አስቤ ነበር፤ ሳልላቸው ቀረሁ። አላህ ይዘንላቸው፣ አሁን የሉም።

ስለዚህ የገበያ ቀን ግራና ብቅ በሉ። ጎደሎ ጆንያ ይዤ ከዋርካው ሥር፣ ከኢላማው ጠረጴዛ አጠገብ አለሁ። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ካላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ይዛችሁልኝ ኑ።