ጋሽ ሰከንድ ያስተካከለው ሰዓት

እውነተኛ ስሙን ከሚስቱና ከመብራት ቆጣሪ አንባቢው በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስልም። ሰፈሩ የሚያውቀው ጋሽ ሰከንድ ብሎ ነው። የዕድሜውን ግማሽ የእጅ ሰዓት ሲጠግን ኖሮ፣ ሰው ሁሉ ሰዓቱን ከስልኩ ላይ ማየት ሲጀምር፣ ጠረጴዛውን ሳይቀይር ሙያውን ቀየረ። ሬዲዮ ይሁን ስልክ ይሁን ኮምፒውተር፣ የመጣለትን ይፈታል። የሰዓት ሠሪነት አመሉ ግን አልለቀቀውም። ሰዓት ያለው ዕቃ ከሱቁ ከወጣ ሰዓቱ ልክ ሆኖ ነው የሚወጣው። ድምፁ ተበላሸ ብለህ ሬዲዮ ብትሰጠው፣ ያላልከውን ሰዓቱንም አስተካክሎ ይመልስልሃል። አንዴማ ሰርግ ተጠርቶ፣ ወንበር ላይ ወጥቶ የአዳራሹን ሰዓት ሲያስተካክል ሚስቱ በኮቱ ጎትታ አውርዳዋለች።

ሰዓት ሲያስተካክል ምን ያህል እንደቀደመ ወይም እንደዘገየ ልብ ይላል፤ አንዴ ልብ ካለ ደግሞ አይረሳም። የሰዓት በሽታ የሚታወቀው በዚያ ነው ባይ ነው። ሚስቱ በዚህ ትተርበዋለች። "የልጆችህን ልደት ትረሳለህ፤ የሰው ሰዓት ስንት ደቂቃ እንደሳተ ግን እስከ መቃብር ይዘኸው ትሄዳለህ!"

አንድ ቀን ጠዋት እትዬ ደወል አንድ ነገር በፎጣ ጠቅልለው ሱቁ ገቡ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ደወል የተባሉት፣ ባስተማሩበት ዘመን ሁሉ ደወሉ ከተደወለ በኋላ ቦርሳቸውን እያንጠለጠሉ በሩጫ ስለሚገቡ ነው። ኳስ ዘጋቢ የነበሩት ባለቤታቸው ከሞቱ ዓመት አልፏል።

ፎጣው ሲገለጥ አሮጌ ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር ብቅ አለ። ወፍራም መጽሐፍ ያክላል፤ ስክሪኑ የመዳፍ ያህል ነው፤ ቁልፎቹ ከመነካት ብዛት ፊደላቸው ለቋል።

"የሱ ነው። ከስታዲየም ሆኖ የሚጽፍበት" አሉ እትዬ ደወል። "ጠዋት ጠዋት ከቤት ሳልወጣ ከፍቼ አየዋለሁ። ሰሞኑን ግን እየፈዘዘ አስቸገረኝ። አደራህን፣ ውስጡ ያለው እንዳይጠፋብኝ። አሮጌ ነው ጣዪው እንዳትለኝ ደግሞ፤ እሱን ልጆቼ ብለውኛል።"

"ኧረ እትዬ፣ እኔ አሮጌ ጣሉ ካልኩማ መጀመሪያ የምጣለው ራሴ ነኝ!"

ክዳኑን ፈቶ አየው። ዕቃው ሲጠፋ ሜሞሪውን የሚያቆየው ትንሽ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ውስጡ ባለው የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ላይ ተበይዷል። አርጅቶ አንጀቱን አፍስሷል፤ ዙሪያውን አረንጓዴ ዝገት ወርሶታል። ጋሽ ሰከንድ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። የዛሬ ዕቃ ያለ ባትሪም የያዘውን ይዞ ይቆያል። ይሄኛው ግን ለዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ ኃይል ከተቋረጠበት፣ ውስጡ የነበረው ሁሉ እልም ነው። ባትሪው ደግሞ ካልወጣ ዝገቱ ሰሌዳውን ይበላዋል።

ነገሩን ሳይደብቅ ነገራቸው።

"ትችላለህ?" አሉት።

"እሞክራለሁ።"

"ሞክሬ ነበር ብለህ እንዳትመጣ ብቻ" ብለው ወጡ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ጋሽ ሰከንድ በሩን ገርበብ አድርጎ ስልኩን አጠፋና ረጋ ብሎ ተቀመጠ። ሦስት ትንንሽ ባትሪዎችን በተርታ አሰረና፣ የአሮጌው ባትሪ እግሮች ሰሌዳውን የሚነኩበት ቦታ ላይ በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አያያዛቸው። አሮጌው ሳይወጣ አዲሱ ኃይል እየገባ ነው ማለት ነው። መበየጃውን አጋለና ሶኬቱን ነቀለው፤ ከመስመሩ ትንሽ ኃይል ቢያመልጥ ሜሞሪውን ድራሹን ያጠፋዋል። ከዚያ ትኩሳቱ ሳይበርድ አንዱን እግር ነካ። ለቀቀ። እንደገና አጋለ፣ ነቀለ፣ ሌላውን ነካ። ከባትሪው የፈሰሰውን፣ መጀመሪያ ኮምጣጤ በነካ ጥጥ፣ ቀጥሎም በአልኮል ጠረገ። እጁ ሽቦዎቹ አጠገብ ባለፈ ቁጥር ትንፋሹን ይውጣል። አዲሱን ባትሪ በይዶ ሽቦዎቹን ሲያነሳ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር።

ማብሪያውን ተጫነ። የዘገባዎቹ ስሞች አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ተሰለፉ። አንዱን ከፈተው፦ "ግብ ጠባቂው ዛሬ ሜዳ መግባቱን የነገረው ሰው አልነበረም።" ጋሽ ሰከንድ ብቻውን ከት ብሎ ሳቀ። እፎይ አለ።

ሊዘጋው ሲል ዓይኑ ከስክሪኑ ጥግ ያለችው ሰዓት ላይ አረፈ። ወደ ግድግዳው ሰዓት አየ። እንደገና ወደ ስክሪኑ። "አይ አንተ፣ የት ልትደርስ ነው እንዲህ የምትሮጠው!" አለና አስተካከለው።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ደወል መጡ። ዘገባዎቹን አልከፈቱም። ጣታቸውን የስክሪኑ ሰዓት ላይ አድርገው ወደ ግድግዳው ሰዓት አዩ፤ ከዚያ ወንበሩን ስበው ተቀመጡ።

"ሰዓቱን ነካኸው?"

"አስተካከልኩት እንጂ! በጣም ቀድሞ ነበር" አለ ጋሽ ሰከንድ ደረቱን ነፍቶ።

እትዬ ደወል ኮምፒውተሩን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

"አመሌን ታውቀዋለህ" አሉ። "በሠርጌ ቀን እንኳ ያረፈድኩት እኔ ነኝ። እሱ ታዲያ ይሄንን ሰዓት ወደፊት ገፋልኝ፤ በስንት እንደገፋው ግን ብለምነው፣ ባኮርፈው፣ አልናገር አለ። 'ካወቅሽው ትቀንሺዋለሽ' ይለኛል። እሱ ከሞተም በኋላ ጠዋት ይሄን ሳይ ደንግጬ እወጣለሁ። እሱ የሚያስወጣኝ ይመስለኛል።" ክዳኑን በመዳፋቸው ዳበሱት። "ዘገባውንማ ጋዜጣ ላይ አንብቤዋለሁ። እንዳይጠፋብኝ ያልኩህ ይሄን ሰዓት ነበር።"

ጋሽ ሰከንድ ክው አለ። ያን ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ያዳነውን፣ ማንም ሳይጠይቀው በገዛ እጁ አጠፋው። አፈረ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አሳዘኑት።

"ግዴለም፣ አላወቅክም" አሉ። "የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።"

"እትዬ... ስንት እንደነበር እኮ አውቀዋለሁ። እኔ አልረሳም። ልክ—"

"እንዳትነግረኝ!" ብድግ አሉ። "አፍህን ያዝ! ዝም ብለህ መልሰው።"

ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ መንገዱ ዞሩ። ለመጠንቀቅ ብለው ዓይናቸውንም ጨፈኑ። ጋሽ ሰከንድ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየ። ከዚህ ሱቅ የተሳሳተ ሰዓት ወጥቶ አያውቅም። ቢሆንም ሰዓቱን ወደፊት ገፋው፤ ከነበረበት ሳያተርፍ ሳያጎድል።

"ይኸው።"

እትዬ ደወል ዞረው ስክሪኑን አዩ።

"ወይኔ ጉዴ! የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በር ላይ ቆሟል!" ኮምፒውተሩን ከነፎጣው እቅፋቸው ውስጥ ወሽቀው፣ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው፣ ደህና ዋል እንኳ ሳይሉት በሩጫ ወጡ።

ጋሽ ሰከንድ ተከትሏቸው በሩ ላይ ቆመ። ዞሮ የግድግዳውን ሰዓት አየ። ልጆቹ ሊለቀቁ ገና ነበር፤ በእርጋታ ቢሄዱም ይደርሱ ነበር። ሊጠራቸው አፉን ከፈተና ተወው።